ብርሃን የሚለካው ወተት፦ የአፍላቶክሲን ባዮሴንሰሮችና የትብነት ፉክክር

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በምግብ ደኅንነት ምርምር መስክ በስፋት ከተሠራባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ በወተት ውስጥ ያለን የሻጋታ መርዝ ከትልልቅ ላቦራቶሪዎች ውጭ፣ በደቂቃዎች ጊዜ፣ በሚፈነጥቅ ብርሃን መጠን መለየት የሚያስችሉ ባዮሴንሰሮችን መሥራት ነው። ባዮሴንሰር ሁለት ክፍሎችን ያጣመረ መሣሪያ ሲሆን፣ አንደኛው ክፍል የሚፈለገውን ሞለኪውል ከሌሎች መካከል ለይቶ የሚይዝ ሕይወታዊ ነገር፣ ሁለተኛው ደግሞ ይህን መያዝ ወደሚለካ ምልክት የሚለውጥ ነው። አንድ ነገር አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ተቀብሎ ረዘም ባለ የሞገድ ርዝመት መልሶ ማብራቱ ፍሎረሰንስ ይባላል፤ ምልክቱ ይህ ዓይነቱ ብርሃን የሆነ መሣሪያ ደግሞ ፍሎረሰንት ባዮሴንሰር ነው። በዘርፉ የሚወጡት ጽሑፎች በአብዛኛው የሚፎካከሩት በትብነት፣ ማለትም እጅግ አነስተኛ መጠንን ለይቶ በማሳየት ሲሆን፣ ከናኖግራም ወደ ፒኮግራም፣ ከፒኮግራምም ወደ ታች መውረድ የስኬት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁንና ይህ ፉክክር የመርዙ ችግር በጸናባቸው አካባቢዎች ካለው የወተት ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር፣ ለተጠቃሚው የሚያስፈልገውን ትቶ ለመለካት የሚያኮራውን የተከተለ ይመስላል።

መርዙን በብርሃን መለየት በራሱ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ባለቁ ጊዜ፣ ምርመራው በመጨረሻ ያመራው ከብራዚል ተጭኖ ወደ መጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር፤ በፋጉሎው ላይም አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ ተገኘ፤ መርዙም ከዚሁ ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። ኬሚስቶቹ መርዙን በስስ ንጣፍ ላይ ለያይተው የአልትራቫዮሌት ጨረር ባበሩበት ጊዜ አንዳንዱ ክፍል ሰማያዊ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ሆኖ ስለታየ፣ በእንግሊዝኛው የቀለም ስም የመጀመሪያ ፊደል ቢ እና ጂ ተብለው ተመደቡ። ብዙም ሳይቆይ የተበከለ መኖ በበሉ ላሞች ወተት ውስጥ ሌላ ዓይነት ተገኘና ኤም የሚለውን ፊደል አገኘ። ኤም1 የተባለው ይህ ዓይነትም 365 ናኖሜትር አካባቢ ያለ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊ ያበራል። እንግዲህ መርዙ ገና ከተገኘበት ጊዜ ጀምሮ በራሱ ብርሃን የታወቀ ነው ማለት ይቻላል፤ አስቸጋሪው ነገር ይህ ብርሃን በወተት ውስጥ ሲሆን ከሌሎች ብዙ ብርሃኖች ጋር መደባለቁ ነው።

ኤም1 ወተት ውስጥ የሚገባው ሻጋታ በወተቱ ላይ በቅሎ አይደለም። ላሚቱ ቢ1 የተባለውን አፍላቶክሲን ከመኖዋ ጋር ስትበላ፣ ጉበቷ ለማስወገድ በሚያደርገው ሥራ በሞለኪውሉ ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቡድን ይጨምርበትና ኤም1 ያደርገዋል፤ ከዚህም ከፊሉ በሽንት፣ ከፊሉ በወተት ይወጣል። ወደ ወተት የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ከተበላው ቢ1 ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲሆን፣ ከፍተኛ ወተት በሚሰጡ ላሞች ግን እስከ 6 በመቶ ሊደርስ ይችላል። መርዙ የተበከለው መኖ ከተበላ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ በወተት ይታያል፤ መኖው ከተለወጠም በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይጠፋል። ይህ የጊዜ ቅርበት የባዮኬሚስትሪ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ወደፊት ይገለጣል።

መርዙ ሙቀትን የሚቋቋም በመሆኑ ወተትን ማፍላትም ሆነ ፓስተራይዝ ማድረግ ሸማቹን አያድነውም። ኬዚን ከተባለው የወተት ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅም፣ ፕሮቲኑ በሚከማችባቸው ተዋጽኦዎች ውስጥ መጠኑ ይጨምራል፤ በአይብ ውስጥ ያለው መጠን አይቡ ከተሠራበት ወተት ብዙ እጥፍ ሊሆን ሲችል፣ በቅቤ ውስጥ ያለው ግን አነስተኛ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1993 ኤም1ን ለሰው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል በሚለው ምድብ አስቀምጦት የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ባደረገው ግምገማ የአፍላቶክሲኖችን ቤተሰብ በጠቅላላ ለሰው ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አካቶታል። የኤም1 ካንሰር አምጪነት ከቢ1 አሥር እጅ ያነሰ እንደሆነ ቢገመትም፣ የወተት ዋነኛ ተጠቃሚዎች ሕፃናት መሆናቸው ጉዳዩን በቸልታ እንዳይታለፍ አድርጎታል።

የሕግ ገደቦቹ በዚህ ረገድ እጅግ የተራራቁ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ወተት ውስጥ ከ0.05 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከ50 ናኖግራም በላይ እንዳይገኝ ይከለክላል፤ ለሕፃናት ምግብ ገደቡ ከዚህ በግማሽ ያንሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርና ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መመዘኛ አካል ግን ገደቡን 0.5 ማይክሮግራም አድርገውታል፤ ይህም የአውሮፓው አሥር እጥፍ ነው። ሁለቱን ገደቦች ማወቅ ለባዮሴንሰር ሠሪ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም የመሣሪያው ተግባር ወተቱ ከእነዚህ ቁጥሮች በየትኛው ወገን እንደሚገኝ ማመልከት እንጂ፣ ከእነርሱ ሺህ ጊዜ ያነሰ መጠን መኖሩን ማብሰር አይደለምና። 50 ናኖግራም በራሱ ትንሽ ነው፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የላቦራቶሪ ዘዴዎች ግን ይህን ያለ ችግር ይለካሉ።

በላቦራቶሪ የሚሠራበት መደበኛ ዘዴ ወተቱን በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሮ ስቡን መግፈፍ፣ ቀጥሎም ኤም1ን ብቻ የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት በተሞሉበት ቱቦ ማሳለፍ፣ የተያዘውን መርዝ በኬሚካል አላቆ በከፍተኛ ግፊት በሚሠራ የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መለየትና በመጨረሻ የራሱን ሰማያዊ ብርሃን መለካት ነው። ውጤቱ አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው ውድ ነው፤ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ንጹሕ ኬሚካልና የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ መልሱ በሚመጣበት ሰዓት ወተቱ ተሸጦ፣ ፈልቶና ተጠጥቶ አልቋል። የፍሎረሰንት ባዮሴንሰሮች ተስፋ የተመሠረተው በዚህ የጊዜ ክፍተት ላይ ነው።

መርዙን ለይቶ የመያዙ ሥራ በሁለት መንገዶች ይከናወናል። የመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ኮህለርና ሚልስታይን በ1975 ባወጡት ዘዴ አንድ ዓይነት ብቻ የሆኑ ፀረ እንግዳ አካላትን ያለ ገደብ ማምረት ከተቻለ ወዲህ ይህ መንገድ የበሰለና በገበያ ላይ ባሉ የፈጣን ምርመራ ወረቀቶች ውስጥ የሚሠራበት ሆኗል። ሁለተኛው አፕታመር ነው፤ አፕታመር ማለት ከብዙ ትሪሊዮን የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ቅንጣቶች መካከል በተደጋጋሚ ማጣራት ተመርጦ፣ ተጠማዞ በሚይዘው ቅርጽ አንድን ሞለኪውል የሚያቅፍ አጭር ክር ነው። ዘዴው በ1990 በአሜሪካ በሚገኙ ሁለት የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው ይፋ የተደረገ ሲሆን፣ ኤም1ን የሚይዙ አፕታመሮች ግን የተገኙት ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። አፕታመር በእንስሳት አካል ውስጥ ሳይሆን በኬሚካል ስለሚመረት ከምርት ምርት አይለያይም፤ ሙቀት ቢበዛበትም ቅርጹን መልሶ ይይዛል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ በማይገኝበት ቦታ ይመረጣል። በሌላ በኩል አጠማዘዙ በዙሪያው ባሉ የጨው ዓይነቶች፣ በተለይም በማግኒዥየምና በካልሲየም መጠን የሚወሰን ሲሆን፣ ወተት ደግሞ በካልሲየም የታጨቀ ፈሳሽ ነው። ለሙከራ በተዘጋጀ ንጹሕ ውኃ ላይ የተመረጠ አፕታመር በወተት ውስጥ ሌላ ባሕርይ ቢያሳይ የሚያስገርም አይሆንም።

ምልክቱን የሚሰጠው ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቴዎዶር ፎርስተር በ1940ዎቹ መጨረሻ በገለጸው የኃይል ሽግግር ላይ ተመሥርቶ ነው። በዚህ መሠረት አንድ የሚያበራ ቀለም ብርሃንን ከሚመጥጥ ነገር በጥቂት ናኖሜትሮች ርቀት ውስጥ ሲቀመጥ ኃይሉን ለጎረቤቱ ስለሚሰጥ ይጨልማል፤ ሲራራቁ ደግሞ ይበራል። አፕታመሩ በጫፉ የሚያበራ ቀለም ተያይዞበት በግራፊን ኦክሳይድ ንጣፍ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ጨለማ ነው፤ ኤም1 ሲመጣ አፕታመሩ መርዙን ለማቀፍ ከንጣፉ ይላቀቃል፤ ብርሃኑም ይታያል። በግራፊን ፋንታ የወርቅ ናኖ ቅንጣቶችን፣ በተለመደው ቀለም ፋንታ ደግሞ ኳንተም ዶት የተባሉትን፣ መጠናቸው ሲለወጥ ቀለማቸው የሚለወጥ ደቃቅ የሴሚኮንዳክተር ቅንጣቶችን መጠቀም ይቻላል። ከኳንተም ዶቶቹ ብዙዎቹ ካድሚየም የተባለውን መርዛማ ብረት የያዙ መሆናቸው፣ አንዱን መርዝ ለመፈለግ ሌላውን ወደ ወተት ማሰባሰቢያ ማዕከል የማስገባት ያህል እንዳይሆን ጥንቃቄ ይሻል።

ከሁሉ በላይ ሊብራራ የሚገባው ግን ኤም1 በጣም ትንሽ ሞለኪውል መሆኑ በፀረ እንግዳ አካል ላይ በተመሠረተው መለኪያ የሚያስከትለው ውጤት ነው። አንድን ትልቅ ፕሮቲን ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ከሁለት ወገን ሊይዙት ስለሚችሉ ብዙ ፕሮቲን ብዙ ምልክት ይሰጣል፤ ኤም1 ግን ለሁለት የሚበቃ ገላ የለውም። ስለዚህ መለኪያው ውድድርን መሠረት ያደርጋል፤ በምርመራ ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ የተቀመጠ መርዝና በወተቱ ውስጥ ያለው መርዝ ቁጥራቸው በተወሰነ፣ የሚያበራ ምልክት በያዙ ፀረ እንግዳ አካላት ላይ ይሻማሉ። በወተቱ ውስጥ መርዝ በበዛ መጠን በመስመሩ ላይ የሚቀረው ብርሃን ይቀንሳል። የዚህ ተገላቢጦሽ መዘዝ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምልክቱን የሚያዳክም ማናቸውም ብልሽት፣ ለምሳሌ ጊዜ ያለፈበት ወረቀት ወይም በስብ የተዘጋ ቀዳዳ፣ ንጹሕ ወተትን የተመረዘ አስመስሎ ያሳያል፤ በወረቀቱ ላይ ሁለተኛ፣ የቁጥጥር መስመር የሚሠመረውና ንባቡ የሁለቱ ንጽጽር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ውድድሩ ትርጉም የሚኖረው በአንድ ጠባብ የመጠን ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ ከክልሉ በታች ሁሉም ንጹሕ ይመስላል፤ ከክልሉ በላይ ደግሞ ብርሃኑ ጠፍቶ ስለሚያልቅ ብዙና እጅግ ብዙ የሆነው አይለይም።

ወተትም በበኩሉ ለብርሃን ምቹ አይደለም። በውስጡ ያለው ቫይታሚን ቢ2 አረንጓዴ ያበራል፤ ፕሮቲኖቹ በአልትራቫዮሌት ክልል ያበራሉ፤ የስብ ጠብታዎቹና የኬዚን ቅንጣቶቹ ደግሞ ብርሃኑን ወደ አራቱም ማዕዘን ይበትኑታል። ከዚህ ለማምለጥ ከተሳኩት ዘዴዎች አንዱ ጊዜን መጠቀም ነው። ዩሮፒየም የተባለው ብረት የሚገኝባቸው ውሁዶች አንድ ጊዜ ብርሃን ካረፈባቸው በኋላ ለብዙ መቶ ማይክሮሰከንዶች ማብራታቸውን ይቀጥላሉ፤ የወተቱ የራሱ ብርሃን ግን በናኖሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ብርሃኑን የሚለካው አንባቢ መሣሪያ መብራቱን አጥፍቶ ለአፍታ ከጠበቀ በኋላ ቢለካ የሚያገኘው የምልክቱን ብርሃን ብቻ ነው። ሌላው ዘዴ በ980 ናኖሜትር የማይታይ ብርሃን ተቀብለው የሚታይ ብርሃን የሚመልሱ ቅንጣቶችን መጠቀም ነው፤ ወተት በዚያ የሞገድ ርዝመት ስለማያበራ ዳራው ጨለማ ይሆናል። ይሁን እንጂ ውኃ ይህንኑ ብርሃን በከፊል ስለሚመጥጥ ናሙናው ሊሞቅ ይችላል። ሁለቱም ዘዴዎች አሳማኝ ናቸው፤ የማያሳምነው ብዙዎቹ ጥናቶች መሣሪያቸውን የሚፈትኑበት ልማድ ነው። ከሱቅ የተገዛ ንጹሕ ወተት ላይ የታወቀ መጠን ያለው መርዝ ጠብ ተደርጎ፣ መሣሪያው ያንኑ መልሶ ማግኘቱ እንደ ማረጋገጫ ይቀርባል። ላሚቱ ራሷ ያሳለፈችውና ከኬዚን ጋር ተጣብቆ የቆየ መርዝ ግን በፈታኝ እጅ ከተጨመረው ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ ላይኖረው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ የመርዙ ችግር በጸናባቸው አካባቢዎች ወዳለው ወተት መመለስ ይቻላል። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2016 የታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካለው የወተት አቅራቢ አካባቢ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ኤም1ን በሁሉም ውስጥ አግኝቷል። ዝቅተኛው መጠን በሊትር 0.028፣ ከፍተኛው 4.98 ማይክሮግራም ነበር፤ ከአውሮፓው ገደብ ያልበለጡት ዘጠኝ ናሙናዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከ0.5 ማይክሮግራም ያለፉት ደግሞ ሩብ ያህሉ ነበሩ። በመኖ በኩል ዋነኛው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ታይቷል፤ በፋጉሎው ውስጥ የተገኘው የቢ1 መጠን በኪሎ ከ290 እስከ 397 ማይክሮግራም ነበር። ሒሳቡን ለማየት ያህል፣ በኪሎ 300 ማይክሮግራም ቢ1 ያለበት ሁለት ኪሎ ፋጉሎ በቀን የምትበላ ላም 600 ማይክሮግራም ትወስዳለች፤ ከዚህ 2 በመቶው ወደ ወተት ቢያልፍ 12 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ላሚቱ በቀን አሥር ሊትር የምትታለብ ከሆነ በእያንዳንዱ ሊትር 1.2 ማይክሮግራም አለ ማለት ነው። ይህ ከኮዴክስ ገደብ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ከአውሮፓው ደግሞ 24 እጥፍ ነው።

በዚህ ዓይነት ወተት ፊት እጅግ ትብ የሆነ ባዮሴንሰር ምን ይሠራል? ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ናሙና ያለው ርቀት 180 እጥፍ ገደማ ነው፤ የተለመደው የውድድር መለኪያ በአስተማማኝነት የሚሸፍነው ክልል ግን ከዚህ ይጠባል። የመለያ ገደቡ ወደ ፒኮግራም የወረደ መሣሪያ የንባብ ክልሉም አብሮ ስለሚወርድ፣ ለመቶዎቹ ናሙናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ፣ የጠፋ ወይም የሞላ ብርሃን፣ ይሰጣል። ወተቱን በብዙ እጥፍ ማቅጠን መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን በማሰባሰቢያ ማዕከል ውስጥ የሚጨመር እያንዳንዱ የማቅጠን ደረጃ አንድ ተጨማሪ የስሕተት በር ነው። ከአሥር ናሙና ዘጠኙን አይሆንም የሚል መሣሪያ ለወተት ሰብሳቢው የሚነግረው ነገር የለም፤ ምክንያቱም ሰብሳቢው ዘጠኙን ሊደፋ አይችልም። የሚጠቅመው 0.05ን ከ0.5፣ 0.5ንም ከ5 የሚለይ፣ የትኛው አርሶ አደር ወተት እጅግ እንደከፋ በደረጃ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ትብነቱ መካከለኛ፣ ክልሉ ሰፊ የሆነ መለኪያ በሳይንሳዊ መጽሔት ገጽ ላይ አያበራም፤ በዚህ ገበያ ግን ዋጋ አለው።

ገደቡ ራሱ ለመሣሪያው ትርጉም የሚሰጥ መሆኑን የሰርቢያ ታሪክ ያሳያል። የ2012 ድርቅ በባልካን አገሮች በቆሎ ላይ ሻጋታውን አበዛ፤ በ2013 መጀመሪያ ላይ በወተት ውስጥ ከ0.05 ማይክሮግራም የበለጠ ኤም1 በመገኘቱ የአገሪቱ መንግሥት ገደቡን ለጊዜው ወደ 0.5 ከፍ አደረገው። ከዚያው አካባቢ የተጫነ መኖ ጀርመን በመድረሱ በታችኛው ሳክሶኒ ግዛት በሺዎች የሚቆጠሩ እርሻዎች ተነክተዋል። በአንድ ሌሊት ሕገ ወጥ የነበረው ወተት ሕጋዊ ሲሆን የመለኪያው ንባብ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከንባቡ ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔ ነው። ለአንድ ገደብ ብቻ ተስተካክሎ አዎ ወይም አይ የሚል ወረቀት በዚያ ወቅት ከጥቅም ውጭ በሆነ ነበር፤ ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያ ግን ያገለግል ነበር።

የባዮሴንሰሩ ተገቢ ቦታ የት ነው የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። መርዙን ከምንጩ ለመያዝ ፋጉሎውን መመርመር የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ሻጋታ በጆንያ ውስጥ ወጥ ሆኖ አይበቅልም፤ ከአንዱ ጥግ የተዘገነ እፍኝ ንጹሕ ሲሆን ከሌላው ጥግ የተዘገነው ብዙ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል፣ በእህልና በመኖ ምርመራ ከሁሉ የበለጠው ስሕተት የሚመጣው ከመሣሪያው ሳይሆን ከናሙና አወሳሰዱ ነው። ወተት ግን ፈሳሽ ነው፤ በደንብ ከተማሰለ ከጋኑ የተቀዳ አንድ ሲኒ ጋኑን በሙሉ ይወክላል። ከዚህም በላይ ላሚቱ የበላችውን ፋጉሎ ሁሉ አንድ አድርጋ ፈጭታዋለች። ኤም1 በአንድ ቀን ውስጥ በወተት መታየቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ በማሰባሰቢያ ማዕከል የሚወሰድ ንባብ የትናንቱ መኖ ንባብ ነውና፣ ወተቱን ከመፍረድ ይልቅ መኖውን ለመከታተል ይሻላል።

እንዲህ ሲሆን የመሣሪያው ንባብ የሚመራው ወደ ፋጉሎው ጎተራ ነው፦ ፋጉሎው ከየትኛው ዘይት መጭመቂያ እንደተገዛ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ እርጥበት እንዳገኘው ይጠየቃል፤ ከፊሉ በፍሩሽካ ይተካል፤ ወይም መርዙን በአንጀት ውስጥ ይዞ የሚያስቀር የቤንቶናይት ሸክላ ይጨመርበታል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ሸክላ ለዚሁ ዓላማ በመኖ ተጨማሪነት የፈቀደው በ2013 ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ንባብ ነው፤ መኖው በተለወጠ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን የዚያኑ ቤት ወተት መለካትና ቁጥሩ መውረዱን ማየት። አንድ ቤት በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተለካ ይህ አሠራር አይጸናም፤ አሁን በብዛት የሚታሰበው ግን የአንባቢው መሣሪያ ዋጋ ነው። ለኅብረት ሥራ ማኅበር ከባድ የሚሆነው አንድ ጊዜ የሚገዛው አንባቢ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሲኒ ወተት የሚጣለው ወረቀት፣ ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣበት ምንዛሪና እስኪደርስ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ነው፤ አፕታመር ያለ ማቀዝቀዣ መቆየት መቻሉ ከፒኮግራሙ ይልቅ በዚህ መዝገብ ላይ ይመዘገባል።